85 ሚ.ሜ. ሌንስ ለፖርትሬት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው) ካሜራ የገዛ ሰው መጀመሪያ ከካሜራው ጋር አብራ በመጣችው ዙም ሌንስ ይሠራል። ጥቂት ወራት ቆይቶ አንድ ፎቶ ያያል። ፊቱ ጥርት ብሏል፤ ከኋላ ያለው ዛፍ፣ መኪና፣ ሰው ሁሉ ቀልጦ ቀለም ብቻ ሆኗል። "ይሄ በምንድን ነው የተነሳው?" ይላል። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ 85 ሚ.ሜ. ሌንስ ነው፤ ቁጥሩ የሌንሱ የትኩረት ርዝመት ነው፣ ሲበልጥ ከሩቅ አቅርቦ ያሳያል። እኔም ሠርግ፣ መልስ፣ ምርቃትና የቤተሰብ ፎቶ የማነሳው በአብዛኛው በዚሁ ሌንስ ነው። ደጋግመው የሚደርሱኝን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ርቀት ስጠቅስ ደግሞ፣ ሌላ ካላልኩ በቀር፣ የማወራው ስለ ፉል ፍሬም ካሜራ ነው፤ ሰንሰሩ (ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍል) የድሮውን 35 ሚ.ሜ. ፊልም ያህል የሚሰፋ ማለት ነው።

ለፊት ለምን 85 ሚ.ሜ. ተመረጠ?

ብዙ ሰው ሌንሱ ራሱ ፊት የሚያሳምር ይመስለዋል። የፊትን ቅርጽ የሚለውጠው ግን ርቀት ነው።

ስልካችሁን አውጡና አጠገባችሁ ያለውን ሰው ፊቱ ስክሪኑን እስኪሞላ ተጠግታችሁ አንሱት። አፍንጫው ይገዝፋል፤ ጆሮው ወደ ኋላ ይሸሻል። ስልኩ ዋሽቶ አይደለም። ከ30 ሳንቲ ሜትር ላይ ስታዩት አፍንጫው ከጆሮው ይልቅ በጣም ይቀርባችኋል፤ የቀረበ ነገር ደግሞ ትልቅ ሆኖ ይታያል። አሁን ሁለት ሜትር ራቁ። ከዚያ ላይ አፍንጫውም ጆሮውም እኩል የራቁ ያህል ናቸው፤ ፊቱ ወደምታውቁት ፊት ይመለሳል። ግን ሰውየው ፍሬሙ ውስጥ ትንሽ ሆነ። የ85 ሚ.ሜ. ሥራ እዚህ ላይ ይጀምራል። ርቃችሁ እንደቆማችሁ ፊቱን ሞልቶ ያመጣላችኋል።

ካሜራውን በቁመት ይዛችሁ ከራስ እስከ ደረት ለማንሳት በ50 ሚ.ሜ. 80 ሳንቲ ሜትር ድረስ መጠጋት አለባችሁ። በ85 ሚ.ሜ. ግን አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይበቃል። ሁለት ሰዎች ቆመው ሲያወሩ የሚኖራቸው ርቀት ማለት ነው። የሚነሳው ሰው አይጨናነቅም። እናንተም ድምፃችሁን ከፍ ሳታደርጉ "እማማ፣ አገጭዎን ትንሽ ዝቅ ያድርጉልኝ" ማለት ትችላላችሁ። እኔ ይህንን ሌንስ የምወደው ከምንም በላይ ለዚህ ነው። ወሬው ሳይቋረጥ ፎቶው ይነሳል።

"ፈጣን ሌንስ" ሲባል ምኑ ነው የሚፈጥነው?

ሹተሩ፣ ብርሃን የሚያስገባውና የሚዘጋው የካሜራው መዝጊያ። ሌንሱ በሰፊው ሲከፈት ብዙ ብርሃን ያስገባል፤ ብዙ ብርሃን ካለ ሹተሩ ቶሎ ተከፍቶ ቶሎ ይዘጋል።

አዳራሽ ውስጥ መልስ እያነሳችሁ ነው እንበል። ከካሜራው ጋር የመጣችው ኪት ሌንስ ዙም ስታደርጉባት ኤፍ 5.6 ላይ ትቆማለች (ኤፍ የሌንሱ መክፈቻ ቁጥር ነው፣ ሲያንስ መክፈቻው ይሰፋል)፤ ሹተሩም 1/25 ሰከንድ ድረስ ይወርዳል። ሙሽራዋ ስትስቅ ፊቷ ይደበዝዛል። ኤፍ 1.8 ብትከፍቱ 10 እጥፍ ያህል ብርሃን ይገባል። በዚያው አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ሹተሩ 1/250 ይደርሳል፤ ሳቋም እንዳለ ይያዛል።

የፊት ፎቶና ፈጣን ሌንስ አብረው ያደጉ ናቸው። በ1839 ፎቶግራፍ ለዓለም ይፋ ሲሆን የሚነሳው ሰው ለደቂቃዎች ሳይንቀሳቀስ መቀመጥ ነበረበት። በ1840 ቪየና ላይ ጆሴፍ ፔትስቫል የተባለ የሒሳብ ሊቅ ኤፍ 3.6 የሚከፈት ሌንስ ቀመረ፤ ፎይክትሌንደር የተባለው ድርጅትም አመረተው። የመቀመጫው ጊዜ በእጅጉ አጠረ። የሰው ፊት ማንሳት እንደ ሙያ የሰፋውም ከዚያ በኋላ ነው።

ኤፍ 1.8 ይበቃኛል ወይስ ለኤፍ 1.4 ልጨክን?

በብዛት የሚጠየቀው ይሄ ነው። መልሴ አጭር ነው፤ ኤፍ 1.8ቷን ግዙ። ምክንያቱ ግን ረዘም ይላል።

መጀመሪያ ክብደት። የሶኒ 85 ሚ.ሜ. ኤፍ 1.8 በ2017 የወጣች ስትሆን 371 ግራም ትመዝናለች። የሶኒ ጂ ማስተር ኤፍ 1.4 የመጀመሪያው 820 ግራም ነበር፤ በ2024 የወጣው ሁለተኛው ወደ 642 ቀንሷል። በ2020 የወጣው የሲግማ ዲጂ ዲኤን ኤፍ 1.4 ከ630 ግራም አይርቅም። የኒከን ዜድ ኤፍ 1.8 ደግሞ 470 ግራም ነው። የካኖን አርኤፍ ኤፍ 1.2 ላይ ስትደርሱ 1195 ግራም ይሆናል። ሠርግ ላይ ከጠዋት እስከ ምሽት ካሜራ ተሸክሞ የዋለ ሰው ይህ ልዩነት ትከሻው ላይ ይገባዋል።

ክብደቱ ከየት መጣ? 85ን ለኤፍ ቁጥሩ አካፍሉት። ለ1.8 ስታካፍሉ 47 ሚ.ሜ. ይመጣል፤ ለ1.4 ወደ 61፣ ለ1.2 ወደ 71። ይህ የብርሃኑ መግቢያ ስፋት ነው። መግቢያው ሲሰፋ ብርጭቆው ሁሉ አብሮ ይሰፋል፤ ዋጋውም እንዲሁ።

በለውጡ የምታገኙት ብርሃን ስንት ነው? ኤፍ 1.4 ከኤፍ 1.8 የሚበልጠው በሁለት ሦስተኛ ስቶፕ ብቻ ነው (አንድ ስቶፕ ማለት የብርሃን እጥፍ ነው)። አይኤስኦ 2000 ላይ የምታነሱትን 1250 ላይ ታነሳላችሁ። በዛሬ ካሜራ ይህንን ልዩነት ፎቶው ላይ ፈልጎ የሚያገኝ ደንበኛ የለም።

ጥርት ብሎ የሚወጣው ስፋትም አለ። ከሁለት ሜትር ላይ በኤፍ 1.8 ከፊት እስከ ኋላ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥርት ይላል። በኤፍ 1.4 ወደ 4.5 ይጠባል። አንድ ሜትር ድረስ ተጠግታችሁ በኤፍ 1.4 ካነሳችሁ የሚቀራችሁ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው።

አንድ ቀን አንዲት እናት ቤታቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው አነሳኋቸው። ቅርብ ነበርኩ፤ ሌንሱን ሙሉ ከፍቻለሁ። ቤት ገብቼ ፎቶውን በትልቅ ስክሪን ስከፍተው የቀኝ ዓይናቸው ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ይቆጠራል። የግራ ዓይናቸው ግን ጉም ውስጥ ነው። አንገታቸው ላይ ያለው ንቅሳት፣ ልጆቻቸው "እሱ እንዳይቀር" ብለው አደራ ያሉኝ ንቅሳት፣ ሰማያዊ ጥላ ብቻ ሆኗል። ኤፍ 4 ላይ ባነሳው ኖሮ ሁሉም በቦታው ይኖር ነበር። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ "እዚህ ፊት ላይ መቅረት የሌለበት ምንድን ነው?" ብዬ እጠይቃለሁ፤ አፐርቸሩን (የሌንሱን መክፈቻ) የማዞረው ከዚያ በኋላ ነው።

ኤፍ 1.4 የሚያስፈልገው ሰው የለም እያልኩ አይደለም። በሻማ ብርሃን፣ ፍላሽ በማይፈቀድበት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚያነሳ ሰው ያቺን ሁለት ሦስተኛ ስቶፕ ይፈልጋታል። ውድ የሆኑት ሌንሶች ከውሃና ከአቧራም የተሻለ ጥበቃ አላቸው። ሥራችሁ እንደዚያ ከሆነ ግዙት። ካልሆነ ግን በተረፈው ገንዘብ አንድ ጥሩ ፍላሽና ትልቅ ጃንጥላ ግዙ። ፎቶአችሁን የሚለውጠው እሱ ነው።

ታዲያ ባክግራውንዱ እንዲቀልጥ ሁሌ ሙሉ ከፍቼ ላንሳ?

አይ። የሚያቀልጠው አፐርቸር ብቻ አይደለም። ሰውየውን ከግድግዳው አርቁት። ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ሰው በኤፍ 1.4ም ቢሆን ግድግዳው ይታያል። አምስት ሜትር ወደፊት አምጡት፤ በኤፍ 2.8 እንኳን ግድግዳው ወደ ቀለም ይለወጣል።

ለብቻው ለተነሳ ሰው እኔ የምጀምረው ከኤፍ 2 ነው። ለሙሽሮች ኤፍ 2.8። ሁለቱ ፊቶች ከካሜራው እኩል ካልራቁ ኤፍ 4። አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ አብረው ሲቀመጡ ደግሞ ከአራት ሜትር ላይ በኤፍ 4 ግማሽ ሜትር ያህል ጥርት ያለ ቦታ አላችሁ፤ እዚያ ውስጥ አስገቧቸው።

ሚረርለስ ላይ ሲሆን ምን የተለየ ነገር አለው?

ዓይን። በዲኤስኤልአር (መስታወት ባላቸው ካሜራዎች) ዘመን ፎከስ የሚለካው ከዋናው ሰንሰር ተለይቶ በተቀመጠ ሌላ ክፍል ነበር። ሁለቱ በትንሹ ካልተጣጣሙ ፎከሱ አንዴ ቅንድብ ላይ፣ አንዴ ጆሮ ላይ ያርፋል። ኤፍ 1.8 ላይ ያ ስሕተት ፎቶውን ይገድለዋል። ሚረርለስ ፎከሱን የሚለካው ፎቶውን በሚያነሳው በዚያው ሰንሰር ላይ ነው። ከዚያም ዓይንን ለይቶ ያውቃል፤ ሰውየው ሲዞርም ይከተላል። ይህ ከመጣ በኋላ ከ85 ሚ.ሜ. ጋር ያለኝ ግንኙነት ተለወጠ። ፎከሱን ለካሜራው ትቼ የሰውየውን ፊት ማየት ቻልኩ።

የዓይን ፎከሱን "ቀኝ" ወይም "ግራ" ብሎ መቆለፍ የሚቻልበት ካሜራ ካላችሁ ለካሜራው የቀረበውን ዓይን ምረጡ። ነጠላ ወይም ሻሽ አንዱን ዓይን ከከለለ ካሜራው አንዳንዴ የጨርቁን ጠርዝ ይይዛል። ያኔ ትንሿን የፎከስ ነጥብ ራሳችሁ ዓይኑ ላይ አድርጉ።

የድሮ የዲኤስኤልአር 85 ሌንስ አለኝ። ልጣለው?

በፍጹም! የካኖን ኢኤፍ 85 ሚ.ሜ. ኤፍ 1.8 በ1992 የወጣ ነው፤ እስከ ዛሬም በአዳፕተር በካኖን አር ካሜራዎች ላይ በደንብ ይሠራል። አዳፕተሩ ውስጡ ብርጭቆ የለውም። የድሮው ሌንስ ከሰንሰሩ 44 ሚ.ሜ. ርቆ እንዲቀመጥ ነው የተሠራው፤ አዲሱ ካሜራ ላይ ያለው ርቀት 20 ነው። ቀለበቱ የጎደለውን 24 ሚ.ሜ. ይሞላል፣ የሌንሱንና የካሜራውን የኤሌክትሪክ ግንኙነት ያገናኛል፣ በቃ።

ኒከን ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ሞተር የሌላቸው የድሮ ኤኤፍ ዲ ሌንሶች በኤፍቲዜድ አዳፕተር ላይ በራሳቸው ፎከስ አያደርጉም፤ በእጅ ማዞር ሊኖርባችሁ ነው። ርካሽ 85 ኤፍ 1.8ዲ ያገኘ ሰው ከመክፈሉ በፊት ይህንን ይወቅ።

ካሜራዬ ክሮፕ ሰንሰር (ከፉል ፍሬም ያነሰ ሰንሰር) ነው። 85 ልግዛ?

ቤት ውስጥ የምታነሱ ከሆነ አትግዙ። በሶኒ፣ በኒከንና በፉጂ ክሮፕ ካሜራ ላይ 85 ሚ.ሜ. እንደ 127 ያህል ያያል፤ በካኖን እንደ 136። አንድን ሰው ከእግር እስከ ራስ ለማንሳት ሰባት ሜትር ተኩል ገደማ ወደ ኋላ መሄድ አለባችሁ። የማን ሳሎን ነው ይህንን የሚፈቅደው?

ለክሮፕ የሚስማማው 56 ሚ.ሜ. አካባቢ ነው፤ እዚያ ላይ እንደ 85 ያያል። የሲግማ 56 ኤፍ 1.4 ትንሽና ቀላል ነው። ፉጂ የራሱ 56 ኤፍ 1.2 አለው፤ የመጀመሪያው በ2014፣ አዲሱ በ2022 የወጣ። ገንዘብ ካጠረ 50 ኤፍ 1.8 ግዙና አንድ እርምጃ ተጠጉ። ማይክሮ ፎር ሰርድ (ከክሮፕም ያነሰ ሰንሰር) ላይ ላላችሁ ደግሞ የኦሊምፐስ 45 ኤፍ 1.8 116 ግራም ብቻ ነው፤ ኪስ ውስጥ ይገባል።

135 ሚ.ሜ.ስ?

ያምራል። የሶኒ ጂ ማስተር፣ ኒከን "ፕሌና" ያለው፣ የካኖን አርኤፍ፤ ሦስቱም ኤፍ 1.8 ናቸው፣ ሦስቱም ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋሉ። ባክግራውንዱን 85 ከሚያቀልጠው በላይ ያቀልጡታል። ግን ሙሉ ሰውነት ለማንሳት ስምንት ሜትር ያህል ትርቃላችሁ። ስምንት ሜትር ላይ ወሬ የለም፤ ምልክት ብቻ ነው። ለጥምቀት ሕዝብ መሃል አንድን ፊት ከሩቅ ለመያዝ ግን የሚያህለው የለም። ሁለተኛ ሌንስ አድርጉት።

ቀን ላይ ኤፍ 1.4 ስከፍት ፎቶው ነጭ ሆነብኝ። ሌንሱ ተበላሽቶ ነው?

አልተበላሸም። በጠራ ፀሐይ በአይኤስኦ 100 በኤፍ 1.4 ትክክለኛው ሹተር 1/12800 ሰከንድ ያህል ነው። ብዙ ካሜራዎች በሜካኒካል ሹተር 1/4000 ወይም 1/8000 ላይ ይቆማሉ። ስለዚህ ወይ አፐርቸሩን ዝጉ፣ ወይ ኤንዲ 8 ፊልተር (ብርሃኑን ወደ አንድ ስምንተኛ የሚቀንስ ጥቁር ብርጭቆ) ግጠሙ። ፊልተሩ 1/12800 የነበረውን ወደ 1/1600 ያወርደዋል።

ሦስተኛው መንገድ ኤሌክትሮኒክ ሹተር ነው፤ ግን ተጠንቀቁ። አዳራሽ ውስጥ የኤልኢዲ መብራት ፎቶው ላይ መስመር መስመር ያወጣበታል። ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር ደግሞ አለ። "ኤሌክትሮኒክ ፈርስት ከርተን" የሚባለው አሠራር (ሹተሩ በኤሌክትሮኒክ ተከፍቶ በሜካኒካል የሚዘጋበት) ከበራ፣ በፈጣን ሹተርና በሰፊ አፐርቸር ከኋላ ያሉት ክብ የብርሃን ነጠብጣቦች ተቆርጠው ግማሽ ይሆናሉ። ሌንሱን ይወቅሳሉ፤ ጥፋቱ ግን የሹተሩ ነው። ከ1/1000 በላይ ስትሄዱ ወደ ሙሉ ሜካኒካል ቀይሩት።

የኔ ምርጫ ግን ከሁሉም በፊት ቦታ መቀየር ነው። አዲስ አበባ ላይ ስድስት ሰዓት ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፤ የዓይን ጉድጓድ ጥቁር ይሆናል። ይህንን ማንኛውም ሌንስ አያድነውም። ሰውየውን በረንዳ ሥር ወይም ዛፍ ጥላ አስገቡት፣ ፊቱን ወደ ብርሃኑ አዙሩት። ወይም ከቀኑ 11 ሰዓት ጠብቁ። ግን ቀድማችሁ ተዘጋጁ፤ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው፣ ያ ወርቃማ ብርሃን ብዙ አይቆይም።

ነጠላው ጠርዝ ላይ ሐምራዊ መስመር ይታየኛል። ምንድን ነው?

ፈጣን ሌንሶች ሙሉ ሲከፈቱ የሚያሳዩት የቀለም ጉድለት ነው። ቀለማት ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ፎከስ ስለማያደርጉ ነው የሚመጣው። ከፎከሱ ፊት ያለው ጠርዝ ወደ ሐምራዊ፣ ከኋላ ያለው ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ነጭ ልብስ ከጥቁር ባክግራውንድ ጋር ሲገናኝ ጎልቶ ይታያል፤ የሐበሻ ቀሚስ ደግሞ ነጭ ነው። ወደ ኤፍ 2.8 ስትዘጉት በጣም ይቀንሳል። የቀረው ኤዲት ላይ ይጠፋል፤ ግን ጥለቱ ራሱ ሐምራዊ ከሆነ ቀለሙን አብራችሁ እንዳታጠፉት።

ስለ ነጭ ልብስ ካነሳን አይቀር፣ ብርሃን ላይም ይፈትናል። ፍሬሙን ቀሚሱ ከሞላው ካሜራው "በዛ" ብሎ ያጨልማል፤ የሙሽራዋ ፊት ይጠቁራል። ፊቱን ብቻ አይታችሁ ካበራችሁ ደግሞ የጨርቁ ድር ጠፍቶ ነጭ ወረቀት ይመስላል። እኔ በሮው (ካሜራው ሳያቀነባብር በሚያስቀምጠው ፋይል) አነሳለሁ። መጀመሪያ ነጠላው እንዳይቃጠል እለካለሁ፤ ፊቱን በኋላ ኤዲት ላይ አበራዋለሁ። የተቃጠለ ነጭ አይመለስም፤ ትንሽ የጨለመ ፊት ግን ይመለሳል።

ስታቢላይዘር ያስፈልገዋል?

ካሜራችሁ ካለው ይበቃል። የካኖን አርኤፍ 85 ኤፍ 2 ማክሮ ሌንሱ ውስጥ አለው፤ 35 ሳንቲ ሜትር ድረስም ስለሚጠጋ ቀለበትና ሂና ለማንሳት ግሩም ነው። ግን ስታቢላይዘር የሚያረጋው የእናንተን እጅ ነው እንጂ የሚስቀውን ሰው አይደለም። ከ1/250 አትውረዱ።

ከሰው እጅ ስገዛ ምን ልይ?

የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ በአንዱ በኩል አስገቡ፣ በሌላው በኩል እዩ። ትንሽ አቧራ ችግር የለውም። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው፤ ተዉት። እኔ አንድ ጊዜ ሲመሻሽ፣ መኪና ውስጥ፣ ሻጩ ቸኩያለሁ ስላለኝ ሳላበራ ገዛሁ። ቤት ስደርስ ድሩ መሃል ብርጭቆው ላይ ነበር። ገንዘቤን አላገኘሁትም።

ከዚያ ካሜራችሁ ላይ ግጠሙትና በኤፍ 1.8 የአንድ ሰው ዓይን ላይ አሥር ጊዜ አንሱ። ኤፍ 8 አድርጋችሁ ደግሞ አንሱ፤ የአፐርቸሩ ክንፎች ካልሠሩ ብርሃኑ ይዛባል። ከገዛችሁት በኋላ ክረምት ላይ በቆዳ ቦርሳ ዘግታችሁ ቁም ሳጥን ውስጥ አትተዉት። ሻጋታ እርጥበትና ጨለማ ይወዳል።

ዘመድ ከውጭ ሊያመጣልኝ ነው። ምን ብዬ ልንገረው?

"85 ሌንስ አምጣልኝ" እንዳትሉ። የሌንሱ መግጠሚያ (ማውንት) ይለያያል፤ ለካኖን ኢኤፍና አርኤፍ፣ ለኒከን ኤፍና ዜድ። የሲግማ 85 ኤፍ 1.4 አርት ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። የ2016ቱ ለዲኤስኤልአር የተሠራ፣ ከአንድ ኪሎ በላይ የሚመዝን ነው፤ የ2020ው ለሚረርለስ የተሠራው ቀላሉ ነው። ዱባይም ሆነ ዋሽንግተን ያለው ዘመዳችሁ ሱቅ ውስጥ ሲገባ ይህንን ሊያውቅ አይችልም። ሙሉ ስሙን ጻፉለት፦ "ሲግማ 85 ሚ.ሜ. ኤፍ 1.4 ዲጂ ዲኤን አርት፣ ለሶኒ ኢ ማውንት"። በዕቃው ሳጥን ላይ እንደተጻፈው በላቲን ፊደል አድርጉት። ከመክፈሉ በፊትም የሳጥኑን ጎን ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ፤ ማውንቱ እዚያ ላይ ተጽፏል።